ስም ያልተጻፈባት ፖስታ

ቆሰበር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ጆሮዎን እንኳ አልጠይቅም፤ ውቤ ትናንት ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «አክስትሽ ስልኩ ይጮኽብኛል እንጂ አያናግረኝም ብለው ትተውታል፤ ጻፊና ዳንግላ አደርስልሻለሁ» ብሎኛል። ለኔም ይሻለኛል። ቤታችን አንድ ክፍል ተኩል ነው፤ በስልክ የተነገረ ሁሉ ለጎረቤት ይደርሳል።

ዘግይቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ኦሪት እንዴት ናት ላሉት፣ ደህና ናት። ደህና ስል ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ የጎረቤት ልጅ ትነክሳለች ማለቴ ነው። ጭጋግ በወረደ ቀን ግን ታፏጫለች። «እማ፣ ደረቴ ውስጥ ጫጩት አለች» ትለኛለች። ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው፤ በምታውቀው ነው የምትናገረው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። እውነትም ጫጩት ናት። ቀጭን፣ የማትደክም።

ባለፈው ሳምንት ከባሌ ከሽባባው ጋር ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ትንፋሽ የሚከፍት ፓፍ አዘዘላት። የውሃ ሃይላንድ ቂጡን በስቶ ፓፉን ሰካበትና፣ በአፉ በኩል እንዴት እንደምትስበው አሳየን። ኦሪት ወደደችው። አሁን በሰፈሩ ያለ ሃይላንድ ሁሉ የሷ ሆኗል።

ከዚያ ሐኪሙ ካርዷን መሙላት ጀመረ። ቤተሰብ ውስጥ አስም ያለበት ሰው አለ? አለ፣ እኔ። የከሰል ጭስስ? ነበረ። ቀና ሳይል «እሷን አርግዘሽ ሳለ የወሰድሽው መድኃኒት ነበር?» አለኝ።

«አልነበረም» አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። አፌ ቀደመኝ። ባሌ ወደኔ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሐኪሙ አንድ ነገር ጻፈ። አጭር ነበር። «የለም» የሚል ይመስለኛል።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ ጥር 2012 ነው። በኦሪት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ አዲስ ቅዳም አማቴ እማማ ውብአየሁ ቤት ነበርኩ። ፓፌ አልቆ ትንፋሼ እምቢ ሲል መልእክት ላክሁብዎ፤ እርስዎም በዚሁ በውቤ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ፖስታ ሰደዱልኝ። ተኝቼ ስለነበር ክኒኑን ከውሃ ጋር የሚያቀብሉኝ እማማ ውብአየሁ ነበሩ። ነጭ ነበር። ማታ ማታ አንድ አንድ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ዋጥሁ። ፖስታዋ ላይ የመድኃኒቱ ስም አልተጻፈም ነበር።

ምን ነበር?

የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው። አይ፣ ይህን ብቻ አይደለም። ያቺን ጫጩት እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ ወይ?

ሌላም የምነግርዎ ነበረኝ። ይቆይ።

የእህትዎ ልጅ፣ ልክየለሽ


ዳንግላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልኬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዓይኔ አሁንም ካንቺ ፊደል ጋር ይታገላል። ከመምህርት የሚጠበቅ ጽሕፈት አይደለም፤ መስመሩ መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል። እያረፍሽ የጻፍሽው ይመስላል።

ምን እንደነበረ አላስታውስም። ብዋሽሽ ይቀለኝ ነበር። መድኃኒት ቤቱን ለልጄ ለብሥራት እስካስረክብ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቆሜያለሁ። አንዲት ፖስታ ከየት አምጥቼ ላስታውስ?

ስም አልነበረባትም ያልሽው ግን እውነት ነው፤ ሆን ብዬ ነው። ስም ከጻፍሁበት ጎረቤት ለጎረቤት ይዋዋሰዋል። «ያንቺም ያው ነው፣ የኔም ያው ነው» ይባባሉና የልብ ሕመምተኛዋ የሆድ ትውጣለች። ስለዚህ ምልክት ብቻ አደርግ ነበር። ፀሐይ ከሳልሁ ጠዋት፣ ጨረቃ ከሳልሁ ማታ፤ ከሥር ያለው ጭረት የክኒኑ ቁጥር ነው። ከጀርባ ደግሞ ምን መድኃኒት እንደሆነ እኔ ብቻ የማውቀው ነጥብ አለ። ብሥራት ይስቅብኛል። «እማዬ፣ ይህ መድኃኒት ቤት ነው ወይስ ክታብ ቤት?» ይለኛል። ይሳቅ። ማንም ተሳስቶብኝ አያውቅም።

«እኔ ነኝ ወይ» ላልሽው መልስ የለኝም። ሳላውቅ «አይደለሽም» ብልሽ ታምኚኛለሽ፤ የምፈራውም እሱን ነው።

ፖስታዋን ፈልጊልኝ። አዲስ ቅዳም ወረቀት የሚጥል ሰው አላውቅም፤ ወይዘሮ ውብአየሁ አንድ ነገር ቋጥረውባት ይሆናል። እዚያ ስትሄጂም የተኛሽበትን ክፍል እይልኝ። ከሰሉ በየት በኩል ነበር? መስኮቱስ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ። ልጅቱ ማፏጨት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ፖስታዋ ዛሬ ለምን ትዝ አለችሽ?

አክስትሽ እህተማርያም


ቆሰበር፣ ኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታዋን ያገኛሉ። በመጽሐፍ ገጾች መሃል አድርጌያታለሁ፤ ውቤ መጽሐፉን ለማንም እንዳያውሰው አደራ ብዬዋለሁ።

እንዳሉት ነው። እማማ ውብአየሁ ፌጦ ቋጥረውባት በግድግዳው ስንጥቅ ሰክተዋት ነበር። ስጠይቃቸው ወዲያው ሄደው አወጧት፤ የት እንዳለች ለማሰብ አንድ አፍታም አልፈጀባቸውም። ይህ ገረመኝ። ቤቱ ውስጥ ስንት ቋጠሮ አለ።

«ምን ታደርጊባታለሽ?» አሉኝ።

«እትዬ እህተማርያም ሊያዩዋት ፈለጉ» አልኳቸው።

«ምን ብለው?»

«ምልክቷን።»

ፌጦውን በኦሪት አሮጌ ካልሲ ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥተው ዶሮዎቹን በአገውኛ ተቆጡ። አማቴ ሰው ሲያስከፋቸው ዶሮ ነው የሚቆጡ።

ክፍሉን አየሁት። ያኔ የተኛሁበት አልጋ ዛሬም እዚያው ነው። መስኮት የለውም፤ እኔ ግን እንዳለው አድርጌ ነበር የማስታውሰው። የከሰሉ ማዳበሪያ በግርጌዬ በኩል እስከ ጣሪያ ይደረደር ነበር። ከጓሮ ደግሞ ሽባባውና ወንድሞቹ የዲከረንሱን ዛፍ ለከሰል ቆርጠው፣ ከምረው፣ በሣርና በአፈር ደፍነው ያነዱታል፤ ቀናት ሙሉ ከሥር እየተንተከተከ ያጨሳል። ዛሬም ከሦስት ጓሮ ይወጣ ነበር። ልጆች ክምሩን እየዞሩ ይጫወታሉ። ቆሜ አዳመጥኋቸው፤ የሚያፏጭ አልሰማሁም። የሁሉም እናት በዚሁ ጭስ ውስጥ አርግዛለች። የኔዋ ለምን ተለየች? ያቺ ነጭ ክኒን ትመጣብኛለች።

ባጃጁ ከጣለኝ ቦታ እስከ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍሁ። ድሮ የማልቆምበት መንገድ ነው። ጭሱ ይሆናል።

የመጨረሻውን ጥያቄዎን አልዘለልሁትም። አንብቤ፣ አጥፌ፣ ደግሜ አነበብሁት። እዚህ ያልመለስሁት፣ መልሱን ስጽፍ ፊደሉ ወደ ታች እንዳይወርድ ስለፈራሁ ነው።

ልክየለሽ


ዳንግላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልኬ፣

ፖስታዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ አየኋት። ብሥራት «ከኔ ይልቅ እሷን ታዋሪያለሽ» አለኝ።

ያገኘሁትን ልንገርሽ። ፀሐይ አለች፣ ከሥሯ አንድ ጭረት። ጨረቃ አለች፣ ከሥሯ አንድ ጭረት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ማለት ነው። አንቺ ግን ማታ ማታ ብቻ ዋጥሁ አልሽኝ። ገለበጥኋት። ከጀርባዋ ሁለት ነጥብ አለ። ሁለት ነጥብ የትንፋሽ ክኒን ነው። ፖስታዋ የራሴ ናት፣ እጁም የራሴ ነው።

ከዚያ ብሥራት በምላጭ ከፈታት። በታችኛው ማዕዘን፣ በእጥፋቱ ውስጥ፣ ከፌጦው ቅርፊት ሥር ዱቄት አለ። ወደ ብርሃን አስጠጋነው። ሮዝ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ዓመት በእጃችን የነበረው የትንፋሽ ክኒን ሮዝ ነበር። አንድም ነጭ አልነበረንም።

አንቺ የዋጥሽው ነጭ ከሆነ፣ ከኔ ፖስታ አልወጣም። ከየት መጣ? የኔ ሮዝ ክኒንስ የት ገባ? ወይዘሮ ውብአየሁን ጠይቂያቸው። በቁጣ አይደለም። ጠይቂያቸው ብቻ።

አሁን ደግሞ ስላልጻፍሽልኝ ነገር።

ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍሁ አልሽኝ፣ ግን ፓፌን ሳብሁ አላልሽኝም። ከአሥራ አምስት ዓመትሽ ጀምሮ ከቦርሳሽ የማይጠፋ ነገር በሁለት ደብዳቤ ውስጥ ዛሬ እንዳለሽ አንዴም አልተነሣም። የልጅሽን ፓፍ እስከ ሃይላንዱ ድረስ ነገርሽኝ። የራስሽን ደበቅሽ። መስመርሽ መሃል ላይ የሚወርደውም በልማድ አይደለም፤ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ነው። ሌላም የምነግርዎ ነበረኝ፣ ይቆይ ያልሽው ደግሞ አለ።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጬ አየሁት።

ስንት ወርሽ ነው?

አክስትሽ


ቆሰበር፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

አራተኛው ተጋምሷል።

ሽባባው ያውቃል። ሌላ ሰው አያውቅም። ፓፌን ከመስከረም ጀምሮ አልነካሁትም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአራተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፎች ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ጠዋትና ማታ ለኦሪት በሃይላንዷ እሰጣታለሁ፤ «አሥር ቁጠሪ» እላታለሁ፣ ትቆጥራለች፤ ሰባትን ትዘላለች። ከዚያ የራሴን ሳል በጨርቅ አፍኜ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በአንዷ ላይ አንድ ነገር ካደረግሁ፣ በሁለተኛው ላይ አልደግመውም ብዬ ነው። ለዚህ ነው ፖስታዋ ዛሬ ትዝ ያለችኝ። መልስዎ ይኸው ነው።

አማቴን ጠየቅኋቸው። እንደሆነው እጽፍልዎታለሁ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «በዚያች ፖስታ የመጣው ክኒን ሮዝ ነበር?»

ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ስም የለውም» አሉ። «ፀሐይና ጨረቃ ብቻ። የልጄን ልጅ ተሸክመሽ ስም የሌለው ነገር ላውጥሽ?»

«ታዲያ ያ ነጩ ምን ነበር?»

«የራስ ምታቱ ነዋ። የማውቀው። ሰውነት ሁለቱን ስታረግዝ የዋጠችው። ምን ሆነች? ምንም አልሆነች።» ሰውነት የሽባባው ታላቅ እህት ናት።

«ሮዙስ?»

ወደ ደጅ አዩ። «ዶሮዋ ታፍና ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«የቷ ዶሮ?»

«ቀይዋ። ጉሮሮዋ እንዳንቺው ይጮኽ ነበር። በሊጥ ጠቅልዬ ሰጠኋት።»

«ዳነች?»

«ዳነች እንጂ። በአራስነትሽ የበላሽው እንቁላል የማን መሰለሽ?»

እትዬ፣ ሳቅሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሳቅሁና ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ አልቆም አለ። አማቴ ጎመኑን ጥለው ጀርባዬን ያዙ። ትንፋሼ ሲመለስ ፊታቸው ፊቴ አጠገብ ነበር።

«ያኔም እንዲህ ነበርሽ» አሉኝ። «እኔ የፈራሁ መድኃኒቱን ነበር። ሳሉን አልፈራሁትም። ሳልማ ቤታችን ያለ ነው።»

በባጃጅ ስመለስ የማውቀውን ቆጠርሁ። የፈራሁትን ክኒን አልዋጥሁትም። ያልፈራሁትን፣ የራስ ምታቱን፣ ዋጥሁ። ስለሱም ክፉ የሚል ነገር ስልክ ላይ አንድ ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ኔትወርኩ ሳይጠፋ በፊት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደግሞ ኦሪትን ተሸክሜ፣ መስኮት በሌለው ቤት፣ እንደ ዶሮዋ ታፍኜ ነበር። ከሦስቱ የቱ ነው? ወይስ ከናቴ ወደኔ እንደመጣው፣ ከኔም ወደሷ የሄደ ነው? ድሮ የምፈራት አንዲት ፖስታ ነበረችኝ። አሁን እሷም የለችኝም።

ምን ላድርግ?

ልክየለሽ


ዳንግላ፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ልኬ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ የምልበት ቀን ያድርሰኝ። ከዚያ በፊት ግን የምቆጣሽ አለኝ፤ የምቆጣው ራሴንም ነው።

መጀመሪያ ራሴን። ማንም ተሳስቶብኝ አያውቅም ብዬሽ ነበር። ሰው እንዳይዋዋሰው ብዬ ስም ከለከልሁ። ወይዘሮ ውብአየሁ ደግሞ ስም ስላጡበት ፈሩት፤ ፈርተው በሚያውቁት ለወጡት። በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይመስለኛል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሽ ሳላይሽ፣ ደረትሽን ማንም ሳያዳምጥ፣ በሚኒባስ ክኒን መላኬስ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፖስታዎቹ የት እንደደረሱ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ዳንግላ ውስጥ ስንት ዶሮ አድኛለሁ እያልሁ አስባለሁ።

ስለ ራስ ምታቱ ብሥራትን ጠየቅሁት። ባሕር ዳር ሳለ ያወረደው ጥናት አለው።

«እርጉዝ ሆነው የወሰዱት ሴቶች ልጆች ላይ ማፏጨት በዛ ብሎ ያዩ አሉ» አለኝ።

«እንግዲያው እሱ ነው» አልኩት።

«እማዬ፣ አብረው መታየታቸውን ነው የሚለው፤ አመጣው አይልም። ሰው ክኒን የሚውጠው አሞት ነው። ትኩሳቱ ይሁን፣ ጉንፋኑ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ ገና አልለዩትም።»

ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ጋሪዎች ይቆማሉ፣ ታውቂዋለሽ። ጋሪ ባለበት ዝንብ አለ። ዝንቡን ያመጣው ጋሪው ነው፣ ፈረሱ ነው፣ ወይስ ፈረሱ የጣለው? ብሥራትን እንዲህ ብዬ ብጠይቀው «አሁን ገባሽ» አለኝ። ልጅ አስተማሪዬ ሆነ።

ስለዚህ «እኔ ነኝ ወይ» ላልሽው ዛሬም መልስ የለኝም። የሚኖረኝም አይመስለኝም። መልስ የሌለው ጥያቄ ይዞ መኖር ይቻላል፤ እኔ ስለናትሽ አሟሟት ሃያ ዓመት ይዤ ኖሬአለሁ። መልስ ያለው ጥያቄ ግን አጠገብሽ ተቀምጧል፤ ከሒሳብ መጽሐፉ ጀርባ። በእርግዝና የአስሟን መድኃኒት የተወች ሴት ራሷንም ፅንሷንም ለአደጋ ትሰጣለች። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ ብሥራትም ያውቀዋል፣ የትኛዋም አዋላጅ ትነግርሽ ነበር፤ ብትጠይቂያት። በሽሉ ላይ መድኃኒት እንዳይደርስ ትሮጪያለሽ፣ አየር ትከለክይዋለሽ።

አማትሽ መድኃኒቱን ፈርተው ሳሉን አልፈሩም። አንቺ ምን አደረግሽ?

መድኃኒት አልላክሁልሽም። ፖስታው ውስጥ አትፈልጊ፣ ወረቀት ብቻ ነው። ከእንግዲህ በውቤ የሚሄድ ክኒን የለኝም። ጤና ጣቢያ ሂጂ። ፓፉን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሪ።

ልብሽ እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። ተቆጪና ሂጂ።

አክስትሽ እህተማርያም


ቆሰበር፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ እህተማርያም፣

እንደምን ከረሙ? መስመሬን ይዩልኝ። ቀጥ ያለ ይመስለኛል።

ተቆጥቻለሁ፤ አራት ቀን። ከዚያ ሄድሁ። አዋላጇ ናርዶስ የምትባል ናት፣ ከኔ ታንሳለች። ካርድ አወጣችልኝ። ዕድሜ፣ ስንተኛ እርግዝና፣ ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

አፌ ሊቀድመኝ ሲል ፓፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

«አለ» አልኩ። «ግን ትቼዋለሁ።»

አልጮኸችብኝም። ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አየች፣ ነቀነቀችው፣ ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ «እንዴት እንደምትስቢው አሳዪኝ» አለ። አሳየሁት። ሁለቱም ተያዩ። እትዬ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስስበው የነበረው አብዛኛው ምላሴ ላይ ይቀር ነበር። መድኃኒት ስፈራ ኖሬ፣ መድኃኒቱን በወጉ አግኝቼው አላውቅም። ለጠዋትና ለማታ ሌላም ጨመሩልኝ፤ ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

የኦሪትን ሐኪምም ከሽባባው ጋር ሄጄ አገኘሁት። ካርዷን አስወጥቼ «የለም የሚለውን አርምልኝ» አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት፤ ነጩን፣ ሮዙን፣ መስኮት የሌለውን ክፍል።

«ይህ አሁን ሕክምናዋን ብዙም አይለውጠውም» አለኝ።

«ባይለውጥም ይጻፍልኝ።»

ጻፈ። መጨረሻ ላይ ብዕሩን አንሥቶ «ዶሮዋንም ላስገባት?» አለኝ። ሽባባው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ባለፈው ጊዜ ወደ ግድግዳው የዞረበትን ምክንያት ነገረኝ፤ እናቱ ክኒኑን መለወጣቸውን ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ገና አላወራንም። እናወራለን።

እማማ ውብአየሁ ቅዳሜ መጥተው ነበር። ከበሩ ሳያልፉ «ትስቢዋለሽ?» አሉኝ። እስበዋለሁ አልኳቸው። «ስም አለው?» አሉኝ። አለው አልኳቸው፣ አነበብሁላቸው። ደግመው ደጋግመው አሉት፤ አንደበታቸው ላይ ሌላ ቃል ሆነ። ካልሲውን ከነፌጦው መልሰውልኛል።

ዛሬ ጠዋት ጭጋጉ እስከ ደጃችን ወርዶ ነበር። ለኦሪት ሰጠኋት። ሰባትን ዘልላ አሥር ደረሰች። ከዚያ የራሴን ሳወጣ ዓይኗ ፈጠጠ። እኔም እንደሷ እንደሆንሁ አታውቅም ነበር። ሃይላንዷን ሰጠችኝ፤ ያለሱ አይሆንም ብላ። በሷ ሃይላንድ ሳብሁ። ቆጠረችልኝ። እኔም ሰባትን ዘለልሁ፣ እንዳላስከፋት።

ደረቴ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች።

«ያንቺ ጫጩት ተኝታለች» አለች።

ከዚያ ጆሮዋን ወደ ታች አወረደች፣ ወደ ሆዴ። ምንም አልነገርናትም ነበር። ቆየች። ብዙ ቆየች። ምን ትሰሚያለሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ዝም በይ» አለችኝ። «እየሰማሁ ነው።»

ልክየለሽ